የተረፈ የመስል ካር ሞዴል ኪት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ የጠፋ የፕላስቲክ መኪና ኪት (በቁርጥራጭ የሚሸጥ፣ በእጅ የሚገጣጠም ሞዴል) ቁም ሳጥን ውስጥ ለተቀመጠባቸው ሰዎች፤ ከቀላሉ ጥያቄ ወደ ከባዱ።

መስል ካር የሚባለው የትኛው ነው? ሙስታንግ ይገባል?

መካከለኛ መጠን ያለው ተራ የአሜሪካ መኪና ተወስዶ ለትልልቆቹ መኪኖች የተሠራው ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ሲገጠምለት መስል ካር ይባላል። ብዙዎች መነሻውን የ1964ቱን ፖንቲያክ ጂቲኦ ያደርጋሉ፦ ቴምፔስት ለማንስ የተባለው መኪና ላይ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ገደማ የሆነ ሞተር ተጫነበት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዕድሜው አጭር ነበር። የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፣ የጭስ ሕግ ጠበቀ፣ በ1973 የነዳጅ ማዕቀቡ ሲጨመርበት ነገሩ አለቀለት።

ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ባራኩዳና ቻሌንጀር በጥብቅ ከተነጋገርን «ፖኒ ካር» ናቸው፤ ኮፈናቸው ረጅም፣ ከኋላ ቁጥብ ያሉ። ለሞዴል ሠሪ ግን ልዩነቱ ብዙም አያሳስብም። የአንዱ ኪት ሞተር፣ ቸርኬና ወንበር ለሌላው ይሆናል፤ የኪት ሳጥኖቹም ሁሉንም «መስል» እያሉ ነው የሚሸጡት።

«የተረፈ ኪት» ሲባል ምን ማለት ነው? ከየትስ ልጀምር?

ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሞተሩ ወይም ጎማው ለሌላ ሥራ ተወስዶ የቀረው ነው። ሁለተኛው ተጀምሮ የተተወው፣ ብዙ ጊዜ ኮላ የበዛበትና ቀለሙ ወፍሮ የተቀባው ነው። ሦስተኛው ከሰው እጅ ወይም ከጓሮ ሽያጭ የተገኘ፣ ውስጡ ምን እንዳለ በውል የማይታወቅ ሳጥን ነው።

ምንም ከመቁረጥዎ በፊት ሁሉንም ትሪ ላይ ዘርግተው ከመመሪያ ወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። መመሪያው ከጠፋ የአብዛኞቹ ኪቶች መመሪያ ተቀድቶ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከዚያ የጎደለውን ለሁለት ይክፈሉት፦ በእጅ የሚሠራና በእጅ የማይሠራ። የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ የወለል ምንጣፍ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ የደኅንነት ቀበቶ፣ ወንበር ጭምር ይሠራሉ። የንፋስ መስታወት፣ ግሪልና አራት አንድ ዓይነት ቸርኬ ግን ያስቸግራሉ። ያለዎትንም አይናቁ። ኤኤምቲ የተባለው ኪት ሠሪ ከ1958 ጀምሮ «3 በ1» የሚባሉ ኪቶች ያወጣ ነበር፤ ከአንድ ሳጥን መኪናውን እንደ ፋብሪካው፣ እንደ ውድድር ወይም እንደ ከስተም (በባለቤቱ ፍላጎት የተለወጠ) መሥራት ይቻላል። የቀድሞው ባለቤት እንደ ፋብሪካው ከሠራው የውድድሩ ክፍል በሙሉ ሳይነካ ስፕሩ (ክፍሎቹን የያዘው የፕላስቲክ ፍሬም) ላይ ተንጠልጥሎ ያገኙታል።

ምን ላድርገው? ሐሳብ የለኝም።

ከጎደለው ነገር ይነሡ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚሄደው፦ መጀመሪያ አንድ የሚያብረቀርቅ መኪና በሐሳቡ ይስላል፣ ከዚያ የጠፋችውን ግሪል ፍለጋ ወራት ይፈጅበታል፣ መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ተመልሶ ቁም ሳጥን ይገባል። ያ ክፍል እውነተኛው መኪና ላይስ መቼ ነው የሚጎድለው ብለው ቢጠይቁ ግን መልሱ ራሱ ሐሳብ ይሆናል።

ፓራውልት ከሌለ ድራግ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) የሚወዳደር መኪና ነው፤ እነሱ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ራሳቸው ይፈቱት ነበር። በተለይ «ጋሰር» የሚባለው የ1960ዎቹ ዓይነት፣ ከፊት ቀጥ ያለ አክስል በባሌስትራ ተገጥሞለት አፍንጫው ወደ ላይ የተነሣው፣ ክሮም ለጎደለው ኪት እንደ ልኩ የተሰፋ ነው። መስታወት ከሌለ የቅዳሜ ማታ የአፈር ሜዳ ተወዳዳሪ ያድርጉት። በ1970ዎቹ ያረጁ መስል ካሮች በርካሽ እየተገዙ፣ መስታወታቸው ወልቆ፣ በራቸው ተበይዶ፣ ውስጣቸው የብረት ቱቦ ታጥሮ፣ ቁጥር በብሩሽ ተጽፎባቸው አፈር ላይ ተጋጭተዋል። የተንጋደደ ቁጥርና የተጨማደደ ፓራፋንጎ እዚህ ጌጥ ነው። የኋላ ወንበር ከጠፋ የላሜራ ወለል አንጥፈው አንድ የሹፌር ወንበር ብቻ ይተዉ። ሞተር ከሌለ ኮፈኑን ዘግቶ መለጠፍ ነውር አይደለም፤ ግን ከፍተው ባዶውን የሞተር ክፍል ከተንጠለጠሉ ሽቦዎችና ቱቦዎች ጋር ማሳየት ይበልጥ ታሪክ አለው። ቸርኬ ከሌለ መኪናው ጋራዥ ውስጥ በእንጨት ኩርሲ ላይ ቆሟል። ሻንሲ ከሌለ ቦዲው ብቻ ተጎታች ላይ ተጭኖ ወደ ላሜራ ቀጥቃጭ እየሄደ ነው። ጣሪያው ከተሰበረ ደግሞ መጨረሻው ጥያቄ አካባቢ እንገናኝ።

ምንም ያልጎደለውና ተራ ሆኖ ብቻ የሰለቸዎት ኪት ከሆነ «ዴይ ቱ» የሚባለውን ቢሞክሩ ደስ ይለኛል። ስሙ እንደሚለው መኪናው በተገዛ ማግስት ወጣቱ ባለቤት የሚያደርገው ነገር ነው፦ የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ሆኖ ቸርኬው ክሬገር በሚባለው የቸርኬ ዓይነት ይለወጣል፣ የኋላው በባሌስትራ ማራዘሚያ ከፍ ይላል፣ ሰፊ ጎማ ይገባል፣ የጭስ ማውጫው በሄደር (ከሞተሩ በሚወጡ የተለያዩ ቱቦዎች) ይተካል። ሁሉም ከትርፍ ሳጥን የሚወጣ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ በኋላ የመጣው «ፕሮ ስትሪት»፣ ከኋላ ግዙፍ የድራግ ጎማ ቦዲው ውስጥ የሚቀበርበት፣ የሻንሲ መቁረጥ ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም።

ውድ ኪት ላበላሽ እችል ይሆን?

ሳጥኑ ከተከፈተና ክፍል ከጎደለ በኋላ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ወርዷል፤ ያለ ሐሳብ ይቁረጡት። ኤኤምቲና ኤምፒሲ የሚባሉትን ስሞች የያዘው ራውንድ 2 የቆዩ ሻጋታዎችን ዛሬም እያሳተመ ስለሚያወጣ፣ ያረጀ መስሎ የታየዎት መኪና ሱቅ ውስጥ አዲስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቦዲው ሥር የተቀረጸው ዓመት ሻጋታው የተሠራበትን እንጂ ፕላስቲኩ የፈሰሰበትን ቀን አይናገርም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

ከመጋዙ በፊት ቆም የሚያሰኘኝ አንድ ስም ቢኖር ጆ-ሃን ነው። የዚህ ኩባንያ ሻጋታዎች አብዛኞቹ ወደ ሥራ ስላልተመለሱ ሙሉ ቦዲ፣ ባይቀባም ባይሠራም፣ ፈላጊ አለው።

1/24ን ከ1/25 (ከእውነተኛው መኪና 24 ወይም 25 እጥፍ ያነሰ ሞዴል) ጋር ማደባለቅ ይቻላል?

እንደ ክፍሉ ነው። ልዩነቱ 4 በመቶ ገደማ ነው። የ1969 ካማሮ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 108 ኢንች ነው፤ በ1/25 ወደ 110 ሚሊሜትር፣ በ1/24 ወደ 114 ሚሊሜትር ይሆናል። ሞተር ላይ ወይም ወንበር ላይ ይህን ልዩነት ማንም ዓይን አይለየውም። መስታወት፣ ሻንሲና የውስጥ ወለል ላይ ግን 4 ሚሊሜትር ማለት አይገጥምም ማለት ነው።

ከኪት ሠሪዎቹ ለመነሻ ያህል፦ ኤኤምቲና ኤምፒሲ ባብዛኛው 1/25፣ ሞኖግራም ባብዛኛው 1/24፣ ታሚያ 1/24፣ ሬቭል ሁለቱንም ነው። ሬቭልና ሞኖግራም በ1986 ስለተዋሃዱ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳጥኖች ላይ ስሙን ሳይሆን የተጻፈውን ቁጥር ይመኑ።

የድሮ ቀለምና ኮላ እንዴት ይለቃል?

አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 91 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሞልተው ቦዲውን ይንከሩት። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት። እምቢ ካለ ይድገሙት። የፍሬን ዘይትም ያወልቃል፤ ግን ጓንት ይፈልጋል፣ ከተጠቀሙበትም በኋላ ማስወገዱ ጣጣ ነው። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን በጭራሽ አያስጠጉ፤ ቀለሙን ሳይሆን መኪናውን ነው የሚያሟሙት። መስታወቶቹን ከአልኮሉ ያርቋቸው፤ ሊሰነጣጥቃቸው ይችላል።

የተላጠ ክሮም በበረኪና ይለቃል፤ አንዳንዱ በደቂቃዎች፣ አንዳንዱ በሰዓታት። ሥሩ የሚቀረውን ቢጫማ ቫርኒሽ አልኮል ያነሣዋል፤ ግን በመካከል በውሃ በደንብ ያጥቡት፣ በረኪናን ከአልኮልም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በአንድ ዕቃ አያገናኙ።

ኮላው ሌላ ነገር ነው። ሱፐር ግሉ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ሰዓት ያሳድሩት፤ ሲቀዘቅዝ ድርቅ ስለሚል ቀስ ብለው ሲያጣምሙት ቀጭ ብሎ ሊለቅ ይችላል። በሞዴል ኮላ የተጣበቀው ግን ፕላስቲኩ ራሱ ቀልጦ የተበየደ ስለሆነ ጸሎትም አይፈታው፤ በቀጭን መጋዝ መሰንጠቅ ነው።

ጎማው ቸርኬውን በልቶታል። ለምን?

ጎማው የሚለሰልሰው ውስጡ በተጨመረ ኬሚካል ነው። ያ ኬሚካል በዓመታት ውስጥ እየወጣ የነካውን ጠንካራ ፕላስቲክ ያሟማል፤ ለዚህ ነው የፊት መብራቱ ወይም መስታወቱ ላይ የጎማ ጥርስ ታትሞ የሚገኘው። የተበላውን በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይቻላል፤ መስታወት ከሆነ አይድንም። ለወደፊቱ ጎማዎችን በተለየ ከረጢት ያስቀምጡ። ሲገጥሙም ቸርኬውን ቀድመው ቢቀቡት በመካከላቸው መጋረጃ ይሆናል።

ዲካሉ (በውሃ ረጥቦ የሚለጠፈው ሥዕልና ጽሑፍ) ቢጫ ሆኗል፤ ይጣል?

አይጣል። ወረቀቱን በግልጽ ከረጢት አሽገው ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ይለጥፉት፤ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ቢጫው እየነጣ ይሄዳል። ከዚያ የማይፈልጉትን አንድ ትንሽ ዲካል ቆርጠው ውሃ ውስጥ ይሞክሩ። ከተበታተነ ሙሉውን ወረቀት ቀጭን ክሊር (ቀለም የሌለው ቫርኒሽ) ነፍተው ያድርቁ፤ እያንዳንዱን ግን ጠርዙን ተከትለው በመቀስ መቁረጥ ይኖርብዎታል፣ ክሊሩ ሁሉን አንድ ስላደረገው።

መኪናው አሻንጉሊት የሚመስለው ለምንድን ነው?

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር አቋሙ ነው። ኪቶች ብዙ ጊዜ ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ ጎማና ፓራፋንጎ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። በ1/25 አንድ ኢንች ማለት አንድ ሚሊሜትር ነው ማለት ይቻላል (1.016 ነው በትክክል)፤ ይህን አንድ ቁጥር ከያዙ ሁሉም ሒሳብ ይቀላል። ፊቱን 2 ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ እውነተኛውን መኪና 5 ሴንቲ ዝቅ እንደማድረግ ነው። አክስሉ የሚያርፍበትን ቦታ በፋይል ይሞርዱ ወይም ቀዳዳውን ከፍ አድርገው እንደገና ይብሱ።

ሁለተኛው ምክንያት የጎማው ጠርዝ መብለጭለጩ ነው። የሚነካውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ ያሹት። ከቀለም ሁሉ ቀድሞ ይህን ያድርጉ፤ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ምን ቀለም ይስማማዋል? የመኪና ቀለምስ መጠቀም እችላለሁ?

ዘመኑ ራሱ አይናፋር አልነበረም። ክራይስለር በ1970 አካባቢ ፕለም ክሬዚ የተባለ ሐምራዊ፣ ሰብላይም የተባለ ሎሚ አረንጓዴ፣ ጎ ማንጎ የተባለ ብርቱካናማ ይሸጥ ነበር። እኔ ግን ለተረፈ ኪት የምመርጠው የማንም ፖስተር ላይ የማይገኘውን ነው፦ የአያት መኪና የሚመስል ቡኒ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ከነጭ ቪኒል ጣሪያ ጋር። የመስል ካር ባለቤት ሁሉ ቀይ አልገዛም። ሞተሩን ግን በዘፈቀደ አይቀቡ፤ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሸቭሮሌ ብርቱካናማ፣ ፖንቲያክ ሰማያዊ፣ ፎርድ ከ1966 ወዲህ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ የክራይስለሩ 426 ሄሚ ደግሞ በስሙ የሚጠራ ብርቱካናማ ነው።

የመኪና ቀለም ይሆናል፤ ግን ቲነሩ ኃይለኛ ስለሆነ ራቁቱን ስታይሪን (ኪቱ የተሠራበት ፕላስቲክ) ላይ ከነፉት እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጥቀዋል። ፕራይመር በሁለት ቀጭን ዙር፣ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ማለስለስ፣ ከዚያ ቀለሙን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ርቀት ሆኖ ስስ ስስ አድርጎ መንፋት። እርጥበት ባለው ቀን አይንፉ፤ ቀለሙ ላይ ነጭ ጉም ይቀራል። የአዲስ አበባ ክረምት ለዚህ ሥራ ጠላት ነው።

ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ስመጣ ቀለም መያዝ እችላለሁ?

የሚነፋ የቀለም ቆርቆሮና ቲነር በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው አይፈቀድም፤ ተቀጣጣይ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ፣ ጠርሙሱ ላይ የማይቀጣጠል መሆኑ ከተጻፈ፣ በከረጢት ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይሄዳል። ኪቱን ይዘው ይምጡና ቀለሙን እዚሁ ይግዙ፤ የመኪና ቀለም አቀላቃይ ሱቆች በፈለጉት መልክ ያዘጋጁልዎታል። ስቱኮውም እዚያው አለ። የማያገኙት ዲካል፣ ቀጭን የሞዴል ኮላና የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፤ የሻንጣዎን ቦታ ለነሱ ይስጡ። ቢላዋውን እጅ ሻንጣ ውስጥ አይርሱት።

ክሮም ያለ ክሮም እንዴት ይሠራል?

ለመስኮት ዙሪያና ለጎን መስመር ቀጭን ተለጣፊ የብረት ፎይል አለ፤ ለጥፈው በጥርስ መፋቂያ ጠርዝ ጠርዙን እያሹ በአዲስ ምላጭ ይቆርጡታል። እዚህ «አዲስ» የምለው የእውነት ነው፤ የደነዘዘ ምላጭ ፎይሉን ይቦጭቀዋል። ከሌለ የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል በቀጭን የፎይል ኮላ ይሆናል፣ ትንሽ ወፈር ቢልም። ለፓራውልት ደግሞ የክሮም ቀለም ብዕር አለ፤ ሥሩ ያለው ጥቁር ቀለም እንደ መስታወት ከለሰለሰ ያበራል፣ ካልለሰለሰ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ከቀቡት በኋላ በጣት አይንኩት።

ሞተሩ ላይ ሽቦ መዘርጋት የት ልጀምር?

እውነተኛው የካንዴላ ሽቦ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ1/25 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በቂ ነው። ቪ8 ዘጠኝ ሽቦ ይፈልጋል፦ ስምንት ለካንዴላዎቹ፣ አንድ ከኮይሉ። ዲስትሪቢውተሩ የት እንዳለ ቀድመው ይወቁ፤ ሸቭሮሌና ፖንቲያክ ከኋላ፣ ፎርድ ከፊት፣ የክራይስለር ትልልቆቹ ሞተሮችና 426 ሄሚ ከፊት፣ የክራይስለር ትንንሾቹ ከኋላ ናቸው።

ተሳስቶ የሚያሳፍረው የሽቦ ቅደም ተከተል ነው ብለው ከሰጉ፣ የሸቭሮሌም የክራይስለርም ቪ8 የእሳት ተራ አንድ ነው፦ 1-8-4-3-6-5-7-2። ጎዶሎዎቹ ሲሊንደሮች በሹፌሩ በኩል፣ ሙሉዎቹ በሌላው በኩል ናቸው። በዚህ መጠን ተራውን ማንም አይቆጥርም፤ ሁሉም የሚያየው ሽቦው ቀጥ ብሎ መገተሩን ወይም እንደ እውነተኛው ለስለስ ብሎ መንጠልጠሉን ነው።

ዝገት የት ላይ ልሥራ? ሁሉም ቦታ ስቀባው ውሸት ይመስላል።

ይመስላል፣ ምክንያቱም ዝገት አድራሻ አለው። ላዳ ታክሲ ያየ ሰው ይህን አይስተውም፦ ውሃ የሚጠራቀምበት ነው የሚበላው። መስል ካር ላይ ከጎማው ጀርባ ያለው የፓራፋንጎ ታችኛ ጫፍ፣ የበሩ ግርጌ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል፣ ቪኒል ጣሪያ ካለው ደግሞ የኋላ መስታወቱ ግርጌ ናቸው። ቪኒሉ ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀር ከሥሩ ብረቱ ተበልቶ ጨርቁ ብቻ የቀረበት መኪና ብዙ ነው። ጣሪያ መሐል ላይና በር መሐል ላይ ዝገት አያስቀምጡ፤ እዚያ ፀሐይ ያደበዘዘው ቀለም ነው ያለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ዝገት የሚመስል ቡኒ ይቀቡ፤ አንድ ሳይሆን ሦስት ዓይነት፣ ከጥቁር ቡኒ እስከ ብርቱካናማ። ሲደርቅ የፀጉር ስፕሬይ ይንፉበት፤ ከዚያ የመኪናውን ቀለም በአክሪሊክ ከላይ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ የፈለጉትን ቦታ በሞቀ ውሃ አርሰው በደረቅ ብሩሽ ሲነካኩት የላይኛው ቀለም እየተላጠ ይነሣል። ጠመኔ ፈጭተው በብሩሽ ሲያሳርፉበት አቧራ ይሆናል። የኔ ችግር ማቆም አለመቻል ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ከባሕር የወጣ ነበር የሚመስለው። ብሩሹን አስቀምጠው ሻይ ይጠጡና ተመልሰው ይዩት።

ከተራ ቻርጀር ዴይቶና ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን አብዛኛው ሰው አንድ ነገር ይረሳል። ዶጅ ቻርጀር ዴይቶና በ1969 ለናስካር (የአሜሪካ የመኪና ሩጫ) ውድድር ተብሎ የወጣ፣ ሹል አፍንጫና ከኋላ 23 ኢንች ቁመት ያለው ክንፍ የተገጠመለት መኪና ነው። በማርች 1970 ታላዴጋ ሜዳ ላይ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል። አፍንጫውን ከባልሳ እንጨት ወይም ከስታይሪን ንጣፍ ቀርጸው በስቱኮ ያለሰልሳሉ፤ ክንፉን በ23 ሚሊሜትር ይቆርጣሉ። እስካሁን ጥሩ። የሚረሳው የኋላ መስታወቱ ነው። የተራው ቻርጀር የኋላ መስታወት በሁለት ምሰሶዎች መካከል ጠልቆ የገባ ነው፤ የዴይቶናው ግን ንፋስ እንዳይጠመዘዝበት ከጣሪያው ጋር ተስተካክሎ ተዘግቷል። ያንን ጉድጓድ በንጣፍ ሳይደፍኑ ክንፍ ቢያቆሙበት ቻርጀር ክንፍ ለብሶ ነው የሚሆነው።

የፕሊመዝ ሱፐርበርድ በ1970 በሮድ ራነር ላይ የተሠራ ወንድሙ ነው። ፋብሪካው የኋላ መስታወቱን አካባቢ ሲለውጥ የቀረውን የብየዳ መስመር ለማለስለስ ጊዜ ላለማጥፋት በቪኒል ጣሪያ ሸፈነው። እርስዎም ስቱኮው አልለሰልስ ካለዎት ይህን ፈቃድ አለዎት፤ ጣሪያውን በቀጭን የወረቀት ቴፕ አልብሰው ጥቁር ደብዛዛ ቀለም ይቀቡት።

ጣሪያው ተሰብሯል። ዝቅ ላድርገው ወይስ ፒክአፕ ላውጣ?

ፒክአፑን እመርጣለሁ። ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ከባድ ያልሆነው ሥዕል ላይ ብቻ ነው፦ የፊት ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ስላዘነበሉ 3 ሚሊሜትር ሲቆርጡ ጣሪያው ወደ ፊት ይመጣል፣ የኋላው አይገናኝም፣ ጣሪያውን መሐል ላይ ሰንጥቀው ማርዘም ይኖርብዎታል፣ ከዚያ አንዱም የኪቱ መስታወት አይገባም። መስታወቱን ከግልጽ የዕቃ መያዣ ፕላስቲክ ቆርጠው ይሠሩታል። ሲለጥፉት ነጭ የእንጨት ኮላ እንጂ ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ጭሱ መስታወቱን ያነጣዋል። እኔ የተማርኩት ተጠናቆ ባለቀ መኪና ላይ ነው።

ፒክአፑ ግን ከወንበሮቹ ጀርባ አንድ ቀጥ ያለ ቁርጥ ነው። የተሰበረው ጣሪያ የፊት ክፍል ይቀራል፤ የኋላ መስታወቱ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ከማንኛውም ግልጽ ንጣፍ ይወጣል፤ የጭነቱን ወለል በሚሊሜትር በስታይሪን ይሠሩና በቢላዋ ጀርባ መስመር ያሰምሩበታል። ሸቭሮሌ ኤል ካሚኖ፣ ፎርድ ራንቼሮ ነበራቸው። ክራይስለር በዚያ ዘመን ከቻርጀርም ከሮድ ራነርም ፒክአፕ አላወጣም፤ ስለዚህ «ትክክል አይደለም» ብሎ የሚከራከርዎት ሰው ማመሳከሪያ የለውም።

ጎማዎቹን ወደ ፊት ማንቀሳቀስ እፈልጋለሁ። ምን ያህል?

ይህ የሚጠየቀው የ1965ቶቹን ዶጅና ፕሊመዝ ፎቶ ባየ ሰው ነው። ክራይስለር ለድራግ ውድድር ሲል የኋላ አክስሉን 15 ኢንች፣ የፊቱን 10 ኢንች ወደ ፊት አምጥቶ የመኪናውን ክብደት የኋላ ጎማ ላይ ጣለው። መልኩ ግራ የሚያጋባ ስለነበር «ፈኒ ካር» የሚለው ስም ከዚያ ተወለደ። በ1/25 ሒሳቡ 15 ሚሊሜትርና 10 ሚሊሜትር ነው።

የኋላውን የጎማ ቅስት ከነዙሪያው አንድ ቁራጭ አድርገው በቀጭን መጋዝ ያውጡ፤ ከፊቱ 15 ሚሊሜትር የሚሰፋ ንጣፍ ቆርጠው ቁራጩን ወደ ፊት ያስገቡና፣ ከፊት የወጣውን ንጣፍ ከኋላ በተፈጠረው ክፍተት ይክተቱት። ምንም አይባክንም፣ ልኩም ራሱ ይመጣል። ከውስጥ በኩል በስታይሪን ንጣፍ ይደግፉት፤ ካልደገፉት ሲያሹት መስመሩ ላይ ይሰበራል። የሚረሳው የውስጡ ወለል ነው፦ የጎማው ጉብታ አሁን የኋላ ወንበሩ ያለበት ቦታ ላይ ስለሚወጣ ወንበሩን አውጥተው ወለሉን መቁረጥ አለብዎት። ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ቦዲውን፣ ወለሉንና ሻንሲውን በቴፕ ብቻ አያይዘው በአራቱም ጎማ ያቁሙት፤ አንዱ ጎማ ጠረጴዛውን ካልነካ ለማረም ጊዜው ያኔ ነው።